የመምህርት ፍሬገነት አረንጓዴ ሳምንት

የኤፍራታ ድምፅ ወደ እኔ የመጣው ማሽኑ ሊፈርደው ስላልቻለ ነው። ማሽኑ የማይችለው ጥቂት ነገር ነው፤ ሳቅ፣ ትንፋሽ፣ ዝምታ፣ አንዳንዴም ምርቃት። እነዚያን ለይቶ ወደ ደብረ ብርሃን ይልካቸዋል። እኛ አድማጮች ደግሞ ጆሯችን ላይ ማዳመጫ፣ ጉልበታችን ላይ ጋቢ ደርበን፣ በየጠረጴዛችን እንጠብቃቸዋለን።

ዩኒቨርሲቲዎች ግቢያቸውን ዘግተው ተማሪ ሁሉ ባለበት ሆኖ መማር ከጀመረ ወዲህ ጽሑፍ የሚታረመው በድምፅ ነው። ተማሪው ጽሑፉን ያነባል፤ የጽሑፍ አስጠኚው ካለበት ሆኖ ይመልስለታል። አስጠኚው የተናገረው ሁሉ ተቀድቶ ቀለም ይሰጠዋል። እርማት ቀይ ነው፣ ጥያቄ ቢጫ፣ ምስጋና አረንጓዴ። ይህ ሁሉ የአስጠኚዎች ግብረ መልስ ጥናት ይባላል። መቼ እንደተጀመረ የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም፤ መቼ እንደሚያልቅ ሲጠይቅ የሰማሁትም የለም።

ቀለሙ ከጥናቱ ወጥቶ ሠፈር ገብቷል። ታክሲ ውስጥ ሰዎች የዘንድሮ ልጆች ቀይ አይችሉም እያሉ ያማርራሉ። ሽማግሌ ሲላክ የሴቷ ወገን፣ ልጁ እርማት ሲሰጡት እንዴት ነው፣ ቀለሙን ማየት ይቻላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጎረቤቴ የልጇን ቢጫ የበዛበት ውጤት አሳትማ ከሚካኤል ሥዕል አጠገብ ሰቅላዋለች፤ ጥያቄ የሚያስነሳ ልጅ ነው ለማለት።

እኔ የመደበኛ ትምህርቴ አጭር ነው። ማዳመጥን የተማርኩት ብቻዬን፣ እየተሳሳትኩ ነው። ማዳመጫውን ከማድረጌ በፊት አማትባለሁ፤ የሰው ቤት ሳይጠሩኝ ልገባ ነውና።

አንድ ደንብ አለ፤ ይህን ሳላስረዳ ቀሪው አይገባም። አድማጭ ሲፈርድ ምክንያቱን በገዛ ድምፁ ይናገራል፤ የተናገረውም ወዲያው ለአስጠኚውም ለተማሪውም ይደርሳል። ከማንም የሚደበቅ ፍርድ እንዳይኖር ነው። ደግ ደንብ ነው፤ ያወጡት ሰዎችም ክፉዎች አልነበሩም። እኛ አድማጮች ዓመቱን ሙሉ ስንሰማ ከርመን ድምፃችን ከማዳመጫ ቤታችን የሚወጣው በዚህች በኩል ብቻ ነው።

ኤፍራታ ዳሎል በረሃ ባለ የሶላር ኃይል ካምፕ የምትኖር ወጣት ናት። የሶላር ፓነሎቹን አቧራ ከሚያራግፉት ሠራተኞች አንዷ ስትሆን ከሥራ መልስ ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏ በአገሯ በሐይቅ ዳር ስላሉ የሽንኩርት ገበሬዎች ነው፤ ውሃው ዓመት ከዓመት ሲሸሽ እንዴት እንደኖሩ። እናቷ ወይዘሮ ዙሪያሽ ከእነዚያ ገበሬዎች አንዷ ናቸው። አስጠኚዋ መምህርት ፍሬገነት ደግሞ ጎንደር ናቸው። ሁለቱ በአካል ተያይተው አያውቁም።

የመምህርት ፍሬገነት ቀለም ሁልጊዜ ቀይ ነበር፤ በእኛ ቤት ራሱ በርበሬዋ እያልን እንጠራቸው ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ግን ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኑ። ማሽኑ ደነገጠ ልበል? ማሽን አይደነግጥም፤ ግን ምክንያት ጠየቀ። በአረንጓዴው መካከልም ስም ያላገኘለት አንድ የተማሪዋ ዝምታ ነበር። ያንን ዝምታ ነው የላከልኝ።

ከድሮው ቅጂ ጀመርኩ። ኤፍራታ ታነባለች፦

«ውሃው ሲሸሽ ገበሬዎቹ ተከተሉት።»

«ምን አድርገው ተከተሉት? ጠፍቶ የሄደ በሬ ነው እንዴ?»

«እንደዚያ ለማለት ፈልጌ እኮ ነው መምህርት።»

«የፈለግሽውን አልጠየቅሁም። ያየ ሰው ጠይቂ። እናትሽ እዚያው አይደሉም? ደውይላቸው።»

ኤፍራታ እናቷ ስልክ ካነሱ የትዳር ነገር ሳያነሱ እንደማይዘጉ ነገረቻቸው። ሽንኩርቱ ጋ ለመድረስ ሦስት ባል ማለፍ አለብኝ አለች። መምህርት ሁለቱን እለፊያቸውና ሦስተኛውን አስቢበት አሏት። እንዲህ ነበሩ። ይቆጧታል፣ ትመልስላቸዋለች፣ ደውይ ይሏታል፣ ትደውላለች፤ በሚቀጥለው ጊዜም ጽሑፉ ላይ አዲስ ነገር ይኖራል። እናትየው ስልኩ ላይ ሳይኖሩ በሁሉም ክፍለ ጊዜ ውስጥ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከዚያ አረንጓዴው ሳምንት መጣ። ግሩም ነው። ይህም ጥሩ ነው፣ እለፊው። ቆንጆ። ኤፍራታ ራሷ፣ እዚህ ጋ እማዬን ብጠይቃት አይሻልም ወይ ስትል፣ አያስፈልግም፣ እንዳለ ይሁን ይሏታል። ለነገሩ እማዬ ጠበል ገብታለች፣ ስልክ አይፈቀድም አሉኝ አለች ልጅቷ። መምህርት ጠበሉ ያድርግላቸው አሉ። ሲሉት ድምፃቸው ከሥር ተሰነጠቀ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ኤፍራታ እንዲህ ብላ አነበበች፦

«ገበሬዎቹ የሽንኩርቱን ችግኝ ቅጠሉን ወደ ታች፣ ሥሩን ወደ ላይ አድርገው ተከሉት።»

«ቆንጆ ነው» አሉ መምህርት ፍሬገነት።

ማሽኑ ያልገባው ዝምታ እዚህ ጋ ነበር። ደጋግሜ አዳመጥኩት። ልጅቷ አንድ ጊዜ ትተነፍሳለች፤ ፓነሎቹ ላይ የሚያልፈው ነፋስ ይሰማል፤ ከዚያ በቀስታ፣ እሺ፣ ልቀጥል ትላለች። ሰው ዕቃ ቢወድቅበት ድምፁን ሰምቶ ምን እንደተሰበረ ለማየት እንደሚፈራው ዓይነት ነበር።

የአስጠኚዎቹ ማይክ ከክፍለ ጊዜው ቀደም ብሎ ይከፈታል፤ ያ ለተማሪው አይሰማም፣ ለእኛ ይሰማል። መምህርት ተማሪያቸውን ሲጠብቁ በሌላ ስልክ ከአንድ ሰው ጋር ያወሩ ነበር። ሰውየው የኤፍራታ አጎት ጋሽ ይመር ናቸው። ወይዘሮ ዙሪያሽ በድንገት አርፈው ተቀብረዋል። ልጅቷ ጽሑፏን ሐሙስ እስክታስረክብ እንዳትሰማ ዘመድ ተማክሯል። እንዳስረከበች እሳቸውና ሁለት ሽማግሌዎች በአውቶቡስ ወደ ዳሎል ወርደው፣ ዓርብ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኩተው ይነግሯታል። ቀን ቀን በዚያ ሙቀት መኪና ስለማይፈቀድ ሌሊቱን ነው የሚጓዙት።

«ብቻዋን በስልክ አትሰማም» ይሉ ነበር ጋሽ ይመር። «ያ በረሃ ላይ ማን ይይዛታል? አደራዎን።»

«እኔ ማስመሰል አልችልበትም ጋሽ ይመር። እናቷ የሞተችባትን ልጅ በምን አፌ ልቆጣ?»

ማዳመጫውን አውልቄ ቁጭ አልኩ። ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ፤ አለማወቅ ይሻለኝ ነበር። ምክንያት ተጠይቄ ነበር፤ ምክንያቱ አሁን እጄ ላይ ነው። ከተናገርኩት ልጅቷ የእናቷን መርዶ የምትሰማው ከማታውቀው ሰው፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ምናልባት መሰላል ላይ ቆማ ፓነል እየጠረገች ነው። ካልተናገርኩ ደግሞ ፍርዱ ምክንያት አልባ ይባልና መምህርት ፍሬገነት በዚያው ቀን ይነሳሉ፤ ጽሑፉም አዲስ አስጠኚ እስኪመጣ ይታገዳል። የመናገሪያው ቀን ደግሞ ማክሰኞ ነበር።

የቤታችን ኃላፊ ዶክተር ኢዩኤል በዕድሜ ልጄ ቢሆኑ ነው። ሄጄ ነገርኳቸው። የልጅቷን ስም አልጠራሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ክፉ ሰው አይደሉም። ምክንያቱን ካወቁት መናገር ግዴታዎ ነው፣ ካላወቁት አላወቅሁም ይበሉ አሉኝ።

«አላወቅሁም ብል ውሸት ነው ዶክተር።»

«ጆሮዬን አሞኛል ቢሉስ ጋሽ ዋሴ?»

«እሱም ውሸት ነው።»

«ከእርስዎ ጋር መሥራት ከባድ ነው» አሉና መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ። ቀኑ በዘገየ ቁጥር ቤታችን ራሱ የሚመዘንበት ቀለም እንደሚበላሽ ሁለታችንም እናውቃለን። በመጨረሻ ለዓርብ ቀትር አዘገዩልኝ። ከዚያ በላይ አንዲት ደቂቃ ማሽኑ አይሰጠኝም አሉ። አባታቸው ሲያርፉ እሳቸው ፈተና ላይ ነበሩ፤ የነገራቸው በትምህርት ቤቱ ስልክ የመጣ መልእክት ነው። ይህን የነገሩኝ በሩ ላይ ደርሼ ስወጣ ነው።

ቀኑ ተገኘ። ያ ዝምታ ግን አልለቀቀኝም። ልጅቷ መጠርጠር ጀምራለች። በእኛ አገር ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ደግ ሲሆንብህ ምን እንደምታስብ ታውቃለህ፤ አንዱ ምግብ ያቀርብልሃል፣ ሌላው ያለወትሮው ስምህን አቆላምጦ ይጠራሃል፣ አንተም ማን ነው የሞተው ትላለህ። ኤፍራታን እየነገራት ያለው የመምህርቷ ደግነት ነበር።

ደንቡ አድማጭ አስጠኚን አንድ ጊዜ ደውሎ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። እንዲመክር አይፈቅድም። ደወልኩ። ከደብረ ብርሃን መሆኔን ስነግራቸው መምህርት ፍሬገነት ሊያሰናብቱኝ ነው አይደል አሉኝ። ስለ ዝምታው ነገርኳቸው፤ ስለተዘቀዘቀው ሽንኩርትም።

«ተዘቅዝቆ?» አሉ። ጭራሽ አልሰሙትም ነበር። ስታነብ እሳቸው ስለ እናቷ ሲያስቡ ነበር።

«ልትፈትንዎ ብላ ነው። አላረሟትም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ አቶ ዋሴ?»

መልሴ ከመጠየቅ አልፎ መምከር መሆኑን አውቃለሁ። «ይቆጧት» አልኳቸው። «እንደ ወትሮዎ።»

«ሐዘንተኛ ልቆጣ?»

«ገና ሐዘንተኛ መሆኗን አታውቅም እኮ። ዓርብ ጠዋት ታውቃለች። እስከዚያ ግን ተማሪዎ ናት፤ እናት አላት።»

አለቀሱ። እኔም ሲያለቅሱ አዳመጥኩ፤ ሥራዬ ነው። ትክክል መክሬያለሁ ብዬ ዛሬም አልምልም። ዘመዶቿ ጠበሉን ለመሸፈኛ ማድረጋቸውም ደስ አላለኝም ነበር፤ ግን ከተነገረ ወዲያ መልሶ የሚያነሳው የለም። ወደ ቤቴ ስሄድ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሜ፣ የማላያቸውን ሁለት ሴቶች ስም ጠርቼ፣ ያንተ ፈንታ ነው ብዬ አለፍኩ።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ረቡዕ ማታ ነበር። ደንቡ ስለሚፈቅድ በቀጥታ አዳመጥኩት። ኤፍራታ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ጀመረች፤ ድምጿ የተስተካከለ፣ የተጠነቀቀ ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳትደርስ መምህርት አስቆሟት።

«ቆይ ቆይ። ይህ መግቢያ ነው ወይስ የሰርግ ጥሪ? ማን ምን እንደሆነ ሳልሰማ ስንት ጊዜ እንኳን ደህና መጣችሁ ልባል?»

ላሳጥረው አለች። ድምጿ ላይ አንድ ነገር ላላ። መምህርት ቀጠሉ፤ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሰነፍ አሉት፣ ሌላውን ካልተጠራበት የገባ። ማሽኑ ቀይ በቀይ እየሆነ መጣ። ሽንኩርቱ ጋ ደረሱ።

«ይህንንስ ማን ጻፈው? ሽንኩርት ተዘቅዝቆ የሚተከለው በየትኛው አገር ነው?»

ኤፍራታ ሳቀች። ሳቁ ረዘም አለና መጨረሻው ላይ ሌላ ነገር ተቀላቀለበት።

«ባለፈው ቆንጆ ነው ብለውኛል እኮ።»

«ባለፈው አሞኝ ነበር።»

«አሁንስ ተሻለዎት መምህርት?»

«ተነሽና እሱን አስተካክዪ።»

እንዴት እንደማስተካክለው አላውቅም አለች። ሲተክሉ አይታለች እንጂ እጇ አልተከለም፤ ትምህርትሽን ያዢ እየተባለች ነው ያደገችው። ሁለቱም ጠበቁ። በወትሮው መምህርት አሁን የሚሉት የታወቀ ነበር፤ ደውይ። ጎንደር ላይ ትንፋሻቸውን ሲውጡት ሰማሁ። ደብረ ብርሃን ላይ እኔም የራሴን ይዣለሁ።

«ማንንም አትጠይቂ» አሉ በመጨረሻ። «ያየሽው ይበቃል። ዓይንሽን ጨፍኚ። የሽንኩርቱ መደብ ላይ ናቸው፤ ጠዋት ነው። እጃቸውን ንገሪኝ።»

«የማንን?»

«የእናትሽን።»

መጀመሪያ እየተደናቀፈች፣ ቀጥሎ እየፈሰሰላት ተናገረች። እናቷ መጀመሪያ አፈሩን ጨብጠው ይለቁታል፤ ከተበተነ ገና ነው ይላሉ፣ የጣታቸውን ቅርፅ ይዞ ከቀረ ይጀምራሉ። የችግኙን ቅጠል ጫፍ በጥፍራቸው ይቀነጥሱታል። በአመልካች ጣታቸው ይቆፍራሉ፣ ሥሩን ያስገባሉ፣ በአውራ ጣታቸው ይደፍኑታል፤ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው መታ መታ አድርገው ነው የሚያልፉት። ውሃው በሸሸበት ዓመት አዲሱን መሬት ያገኙት በባዶ እግራቸው ነው፤ ተረከዛቸው እስኪቀዘቅዝ ወደ ሐይቁ ይሄዱና እዚያ ይቆማሉ። መደቡ ከዚያ ይጀምራል።

«ተከተሉት ያልኩት እሱን ነው» አለች ኤፍራታ። «እኔ ከኋላዋ እሄድ ነበር። የረገጠችው ቦታ ላይ ውሃ ይሞላል።»

መምህርት ፍሬገነት አላረሙም፣ አላመሰገኑም። ጻፊው ብቻ አሏት። ስትጽፍ ሁለቱም ዝም ብለው ቆዩ። እኔም እንደዚያ ዓይነት ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ጽፋ ስትጨርስ ቀሪውን አንብባ ፈጸመች። ነገ እንደምታስረክብ ተናገረች። ለመሰናበት የተዘጋጁ መስሎኝ ነበር።

«መምህርት፣ እነ ጋሽ ይመር ሲወርዱ ውሃ በብዛት ይያዙ ይበሉልኝ። ከሚሌ ከተማ ወዲህ የሚሸጠው ጨዋማ ነው፣ ለሽማግሌ አይሆንም።»

ጋሽ ይመር እንደሚወርዱ ማንም አልነገራትም። መምህርትም፣ አጎቷም፣ የካምፑ ሰዎችም። ልጅቷ የእናቷን ሞት አውቃ ነበር፤ መርዶ ይዞ የሚመጣው አጎት እንደሚሆንም። ምናልባት ሽንኩርቱን የዘቀዘቀች ቀን አውቃዋለች። ብትጠይቅ መምህርቷ ወይ ይዋሻሉ ወይ ይነግሯታል፤ ሽማግሌዎቹም ያን ሁሉ በረሃ የሚወርዱት የታወቀ ነገር ሊነግሩ ይሆናል። ስለዚህ አልጠየቀችም። እነሱ ሲያስቡላት እሷ ለእነሱ ታስብ ነበር።

መምህርት ፍሬገነት መለሱላት።

«እነግራቸዋለሁ ልጄ።»

«እኔ ክፍሌ ነኝ። በሩን አልቆልፍም።»

ዓርብ ጠዋት ቤታችን እንደ ሌላው ቀን ተጀመረ። ጋቢዎች ተደረቡ፣ ማዳመጫዎች ተደረጉ። መምህርት ፍሬገነት ረፋዱ ላይ ደወሉልኝ። ሽማግሌዎቹ ደርሰዋል። ጎህ እስኪቀድ ከካምፑ አጥር ውጭ ቁጭ ብለው ጠብቀዋል። ሲያንኳኩ ልብሷን ለብሳ፣ አልጋዋን አንጥፋ፣ መቀመጫ አዘጋጅታ አገኟት። ያም ሆኖ ጋሽ ይመር ነገሩን ሲናገሩ እንደማንም ሰው ጮኻ ወድቃለች፤ የያዟትም ብዙ ሰዎች ናቸው፤ የካምፑ ሴቶች ሁሉ ሥራ አቁመው ወጥተዋል። መምህርት ይህን ነግረውኝ፣ ብቻዋን አይደለችም አሉ። ሁለት ጊዜ አሉት።

ቀትር ሲቃረብ ዶክተር ኢዩኤል መጥተው ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። ማሽኑ ማይኩን ከፈተልኝ።

ተናገርኩ። መምህርት ፍሬገነት በዚያ ሳምንት ያላረሙት የተማሪያቸውን እናት ዕረፍት ሰምተው በሐዘን ላይ ስለነበሩ መሆኑን፣ ተማሪዋ በወግ በሰው አፍ እስኪነገራት መጠበቃቸውን፣ እኔም ከደንቡ አልፌ እንደመከርኳቸው። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የሰጡት ግብረ መልስ በዚህ ቤት ካዳመጥኩት ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ጨመርኩ። እዚህ ላይ ማቆም ይገባኝ ነበር። ማይኩ ግን ክፍት ነው፤ ድምፄም ወደ እሷ እየሄደ ነው፤ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ደርሶ ዝም ብሎ የሚመለስ ሰው ደግሞ የለም።

«ኤፍራታ ልጄ፣ ዋሴ እባላለሁ። ለእናትሽ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኩ።

ዶክተር ኢዩኤልን ቀና ብዬ አየኋቸው። ይህቺ የመጨረሻዋ የጥናቱ አካል አይደለችም፣ ማሽኑ አይቀበላትም ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ኮታቸውን ቆለፉ። ጎንበስ ብለው ወደ ማይኩ ተጠጉና ስማቸውን ተናገሩ፤ ዶክተር አላሉም፣ ኢዩኤል ብቻ። እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉ።

ማሽኑ ተናጋሪው የተመዘገበው አድማጭ አለመሆኑን አስታወቀ። ማንም አልመለሰለትም።

ከኋላዬ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው ወይዘሮ የምሥራች ነበረች፤ ነጠላዋን ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ ለብሳ መጣች። ከእሷ ኋላ ሌላ ወንበር ተገፋ። ማዳመጫዎች በየጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ ይሰማል፣ ቀስ እያሉ፣ ድምፅ ላለማሰማት እየተጠነቀቁ። ተነስቼ ለወይዘሮ የምሥራች ማይኩ ፊት ያለውን ወንበሬን ለቀቅሁላት።